ላቮዋዚዬና የጀሶው ውሃ

ጀሶን የማያውቅ ተማሪ የለም። የተሰበረ እጅ የሚታሸገው፣ ግድግዳ የሚለሰነው በርሱ ነው፤ ጠመኔያችንም ብዙውን ጊዜ ከርሱ ይሠራል። ነገር ግን ዱቄቱ በውሃ በተለወሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለ ምን እንደ ድንጋይ እንደሚጠነክር ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን ስለ ደረቀ ነው ከማለት በቀር መልስ የለንም። ይህን ነገር በሚዛን የመረመረው ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ሎራን ላቮዋዚዬ ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ላቮዋዚዬ በ1743 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። እናቱ በሕፃንነቱ ሞተችበት። አባቱ የሕግ ሰው ስለ ነበረ እርሱም ሕግ ተማረ፤ ልቡ ግን ወደ ኬሚስትሪ አዘነበለ።

በ1765 ዓ.ም. ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ ስለ ጀሶ ድንጋይ የጻፈውን ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ድንጋዩ በእሳት ሲሞቅ ከውስጡ የሚወጣው ውሃ መሆኑን፣ የተቃጠለውም ዱቄት ሲለወስ ያንኑ ያጣውን ውሃ መልሶ በመውሰድ እንደሚጠነክር አስረዳ። ዛሬ እንደሚታወቀው በ100 ግራም ንጹሕ የጀሶ ድንጋይ ውስጥ 21 ግራም ያህል ውሃ አለ፤ በ150 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ሦስት አራተኛው ይወጣል። እሳቱ ከልክ ካለፈ ግን ጀሶው በደንብ አይጠነክርም። እንግዲህ ጀሶ የሚጠነክረው ውሃ በማጣት ሳይሆን ውሃ በማግኘት ነው።

ከዚያ ወዲያ ላቮዋዚዬ ሚዛኑን ከእጁ አልለየም። በዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት የሚቃጠል ነገር ሁሉ ፍሎጂስቶን የተባለ ነገር ከውስጡ ያወጣል ብለው ያምኑ ነበር። እርሱ ግን በ1774 ዓ.ም. ቆርቆሮን በታሸገ ብርጭቆ ውስጥ ቢያሞቅ የጠቅላላው ክብደት አልተለወጠም፤ ዕቃው ሲከፈት ግን አየር ገባና ክብደቱ ጨመረ። ስለዚህ ብረቱ ከአየሩ አንዳች ነገር ወስዷል ማለት ነው። ይህንንም የአየር ክፍል በኋላ ኦክስጅን ብሎ ሰየመው። ጀሶ በእሳት ይቀላል፣ ቆርቆሮ ይከብዳል፤ በሁለቱም ግን ከምንም የተፈጠረ፣ ፈጽሞም የጠፋ ነገር የለም።

ባለቤቱ ማሪ አን የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን እየተረጐመች፣ በ1789 ዓ.ም. ላሳተመው መጽሐፍም ሥዕሎቹን እየሣለች ትረዳው ነበር።

ዳሩ ግን ላቮዋዚዬ ለንጉሡ ግብር ከሚሰበስበው ማኅበር አባል ነበረ። ውድ መሣሪያዎቹን የገዛው በአብዛኛው ከዚያ ባገኘው ገንዘብ ነው፤ ማኅበሩን ግን ሕዝቡ ይጠላው ነበር። አብዮቱ በተነሣ ጊዜ ከአማቱና ከሌሎቹ አባሎች ጋር ተከሶ በሜይ 8 ቀን 1794 ዓ.ም. በ50 ዓመቱ አንገቱን ተቀላ። ዕውቀቱን የረዳው ገንዘብ ለሞቱም ምክንያት ሆነ።

እኛም ተማሪዎች በቤተ ሙከራችን ውስጥ አንድ ነገር ስናሞቅ ዓይናችን ያየውን ብቻ አንመን። አስቀድመን እንመዝን፤ በኋላም እንመዝን፤ ምን እንደ ወጣና ምን እንደ ገባ እንጠይቅ። ላቮዋዚዬ የጀመረው ማንም በሚረግጠው የጀሶ ድንጋይ ነበርና።