ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፦ ከጉምሩክ መዝገብ የሀገርን ድህነት የመረመሩ ሊቅ

መካነ ሰላም በገበያ ቀን ማልዳ ትነቃለች። ከመካነ ሰላም ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰውን የለጋምቦ ደጋ በብርዱ ይቀበለዋል፤ ወደ ምዕራብ የወረደ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል። ከየአቅጣጫው ስንዴና ገብስ፣ ጤፍና ባቄላ፣ በግና ቅቤ ወደ ገበያው ይወጣሉ። ከሩቅ ሀገር የመጣ ጨርቅ፣ ጫማና የፕላስቲክ ዕቃ በመደብሩ ተደርድሮ ይጠብቃል። ገበሬው የወራት ልፋቱን በጆንያ ቋጥሮ ይመጣል፤ በአንድ እጅ የምትንጠለጠል ዕቃ ገዝቶ ወደ ቀየው ይመለሳል። ሲመሽ ገበያው ይበተናል፤ የገበሬው ድካም የት እንደ ገባ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ የጠየቁ፣ ጠይቀውም መልስ የፈለጉለት ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። የቦረና ተወላጅ አይደሉም፤ የወሎም ልጅ አይደሉም። የጻፉት ግን ስለዚህ ደጋ ባላገርም ጭምር ነው። በዘመናቸው የምጣኔ ሀብት ፖሊሲ የሚያጠና ተቋም በሀገሪቱ አልነበረም። የእርሳቸው የጥናት ተቋም የግምጃ ቤት መዝገብ፣ የባቡር ሀዲድ እና የጉምሩክ ኬላ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት ብቻ ኖረው ሲያልፉ ለሀገራቸው የተዉት ሀብትም ከእነዚህ ጠባብ ክፍሎች የተለቀመ ዕውቀት ነው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም በዓድዋ አቅራቢያ ማይ ምሻም በምትባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ ወታደር እንደነበሩ፣ በ1881 ዓ.ም በመተማው ጦርነትም እንደ ወደቁ ይነገራል። ሕፃኑ እግሩን ሳያጸና ሀገሩን ክፉ ቀን ወረሳት። ከምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ያልታረሰ መሬት ደግሞ አያበላም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ያለው ያ ዘመን በትግራይም፣ በወሎም፣ በሸዋም ቤቶችን ባዶ አድርጎ አልፏል። ወሎ ውስጥ ክፉ ቀን የሚለውን ቃል ማስረዳት አያስፈልግም። በየዘመኑ እየተመለሰ የመጣ ስም ነውና።

ረኃቡ ካፈናቀላቸው መካከል ገብረ ሕይወት አንዱ ኾኑ። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተሰደው በምፅዋ አቅራቢያ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተጠጉ። በዚያ ሳሉ የሕይወታቸውን መንገድ የቀየረ ነገር ተፈጠረ። ወደብ ላይ የቆመች የጀርመን መርከብ ላይ ወጥተው ሳይወርዱ ቀሩና ከእርሷ ጋር ወደ አውሮፓ ተጓዙ። በኦስትሪያ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ እንደ ልጁ ተቀብሎ አሳደጋቸው። ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻ ያህል አወቁ፤ በበርሊንም ሕክምና ተማሩ። ከረኃብ የሸሸ ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፋብሪካ፣ ባንክና የባቡር ጣቢያ በበዛበት ከተማ መሐል ራሱን አገኘ። የኋለኛው ጽሑፋቸው ሁሉ የሚዞረው በእነዚህ በሁለቱ ሀገሮች መካከል ያለው ልዩነት ከወዴት መጣ በሚለው ላይ መኾኑ አያስገርምም።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ቤተ መንግሥቱ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በብርቱ የሚፈልግበት ጊዜ ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ይልኩ ነበር። ገብረ ሕይወት የዐፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ኾነው ማገልገል ጀመሩ። የአስተርጓሚነት ሥራ ከውጭ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ውል ሲፈረም፣ ብድር ሲጠየቅ፣ መብት ሲሸጥ አስተርጓሚው በሁለቱ ወገን መሐል ቆሞ ይሰማል። በ1900 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ የገንዘብና የንግድ ሥራ የሚመለከታቸውም በመካከላቸው ነበሩ። ስሙ ሚኒስቴር ይባል እንጂ የንጉሡ ኪስና የመንግሥቱ ካዝና ገና አልተለያዩም ነበር።

የዐፄ ምኒልክ ሕመም ሲጠና ቤተ መንግሥቱ በወገን ተከፋፈለ። የእቴጌ ጣይቱን ሞገስ ያጡት ገብረ ሕይወት ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ብዙ ሰው ስደትን የሹመት ፍጻሜ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ለእርሳቸው ግን የጽሕፈት ጊዜ ኾነላቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 አስመራ ውስጥ በታተመው ብርሃን ይሁን በተሰኘ መድበል ላይ ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት አሉ፤ አልጋ ወራሹ ወጣት ነው፤ ሹማምንቱ እርስ በርስ ይተያያሉ። በዚህ ሰዓት የቀደሙትን ነገሥታት ሥራ መርምሮ ለመጪው ንጉሥ የተግባር ዝርዝር መስጠት ድፍረት ይጠይቃል።

ዝርዝሩ ዛሬ ሲነበብ የአንድ የፖሊሲ ተቋም ሰነድ ይመስላል። የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ ገንዘብ ይለይ። ግብሩ የታወቀና ልክ ያለው ይኹን። ሹሙና ወታደሩ ባላገሩን ከሚዘርፉ ደመወዝ ይቆረጥላቸው። ሕግ ይጻፍ፣ ትምህርት ቤት ይከፈት፣ የሀገሪቱ ገንዘብ አንድ ይኹን፣ የጉምሩክ ሥርዓቱም አንድ ይኹን። ሰውም በሃይማኖቱ አይገደድ የሚለው ሐሳብ በዝርዝሩ ውስጥ አለበት። ይህ የመጨረሻው በወሎ ምድር ለሚያነብ ሰው የተለየ ክብደት አለው። በ1870 ዓ.ም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገድደዋል፤ ኢማም መሐመድ ዓሊም ራስ ሚካኤል የተባሉት በዚያው ዘመን ነው። ገብረ ሕይወት ይህንን ነፃነት ከግብርና ከጉምሩክ ጎን ማሰለፋቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። የእምነቱ ዋስትና የሌለው ሰው ነግዶም አርሶም አይረጋጋምና።

ከስደት ሲመለሱ ዘመኑ የልጅ ኢያሱ ነበር። ተንታን መቀመጫቸው አድርገው የነበሩት የራስ ሚካኤል ልጅ የምኒልክን ዙፋን ይዘዋል፤ በ1906 ዓ.ምም አባታቸው ንጉሥ ተብለዋል። ገብረ ሕይወት በዚህ ዘመን በግምጃ ቤትና በጉምሩክ ሥራ ተመደቡ፤ ቀጥሎም የባቡሩ ሥራ ተቆጣጣሪ ኾኑ፤ በመጨረሻም የድሬዳዋ ነጋድራስ ተባሉ። በ1909 ዓ.ም ጥቅምት ወር ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ሲሸነፉ ብዙ ሹመት ተገለባበጠ። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ግን ለማንኛውም መንግሥት ያስፈልጋል።

ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ቀድሞ የሲራራ ነጋዴዎችን አለቃ ያመለክት ነበር። ኋላ ቀረጥ የሚሰበስብ፣ የነጋዴን ክርክር የሚዳኝ የመንግሥት ሹም መጠሪያ ኾነ። ድሬዳዋም ማዕረጉ ትልቅ ትርጉም ያገኘባት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሀዲድ በ1895 ዓ.ም እዚያ ደረሰ፤ ከተማዋም ከሀዲዱ ጋር ተወለደች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከ14 ዓመታት በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ የባሕር ማዶ ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ወደ መሐል ሀገር ይጫን ነበር። ቡናውና ቆዳው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ መጥቶ ወደ ወደቡ ይወርዳል።

እንግዲህ ከነጋድራሱ ወንበር የሚታየውን ማሰብ ነው። በአንድ በኩል የሚወጣው ዕቃ ይመዘገባል፤ በሌላ በኩል የሚገባው። የሚወጣው ብዙ ሸክም ነው፤ ዋጋው ጥቂት። የሚገባው ጥቂት ሸክም ነው፤ ዋጋው ብዙ። ሀዲዱ የውጭ ኩባንያ ነው። በ1897 ዓ.ም የተመሠረተው የሐበሻ ባንክ የሚመራውም በግብጹ ብሔራዊ ባንክ ነው። የሚገበያዩበት የማርያ ቴሬዛ ብር ዋጋው ከፍና ዝቅ የሚለው በአውሮፓ የብር ማዕድን ገበያ ነው። ሌላው ሹም ከዚህ መዝገብ ቀረጡን ብቻ ያነብ ይኾናል፤ ገብረ ሕይወት የሀገራቸውን ዕጣ አነበቡበት።

በእነዚህ የሥራ ዓመታት መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። ሀብት የሚገኘው ከሥራ ነው፤ የሥራ ፍሬ የሚበዛው ደግሞ በዕውቀት ነው። በሞፈር የሚያርስና በእጁ የሚፈትል ሕዝብ በመኪና ከሚሠራ ሕዝብ ጋር ሲለዋወጥ፣ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ሰዓት ሥራ ይቀበላል። የቦረናን ገበሬ እንውሰድ። በሰኔ ዘርቶ፣ በክረምት አርሞ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጭዶ ወቅቶ ያገኘውን እህል ሸጦ አንድ ጣቃ ጨርቅ ይገዛል። ያ ጨርቅ በባሕር ማዶ ፋብሪካ የተሠራው በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ማንም አላታለለም፤ ሚዛኑም አልተሰበረም። ኾኖም ገበሬው በእያንዳንዱ የገበያ ቀን ጥቂት ድሀ እየኾነ ይመለሳል። ይህ በዓመታት ሲደመር ሀገር ባለ ዕዳ ይኾናል፤ ዕዳውም ነፃነቱን ይነካል።

ሐሳቡ ለዘመኑ እጅግ የቀደመ ነው። አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ የጥሬ ዕቃ ሻጭ ሀገሮች ከፋብሪካ ሀገሮች ጋር በሚያደርጉት ልውውጥ እንደሚጎዱ በስፋት ያስተማረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ገደማ ነው። ገብረ ሕይወት በዚያን ጊዜ ካረፉ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል።

ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ ግን አልጫኑም። ብዕራቸው የሚበረታው ወደ ውስጥ ሲዞር ነው። ነጋዴው በየጌታው ግዛት ኬላ ይጠብቀዋል፤ በእያንዳንዱ ኬላ ይከፍላል፤ ከፍሎ የደረሰው ዕቃ ዋጋው ሌላ ይኾናል። ገበሬው የሚከፍለው ግብር ልኩ አይታወቅም፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይወሰድበታልና ብዙ ለማምረት አይተጋም። ወታደሩ በገበሬው ቤት እያደረ ጎተራውን ያራግፋል። ባላገሩ ሰነፍ ነው የሚለውን የመኳንንት ወሬም አይቀበሉም፤ ፍሬው የማይቀርለት ሰው ለምን ይደክማል የሚል ነው መከራከሪያቸው። ኬላ የሚለው ቃል ለዛሬም ነጋዴ ያላረጀ ቃል መኾኑን ልብ ይሏል።

በአንዳንድ ነገር ግን የዘመናቸው ሰው ነበሩ። ከመንግሥት ብዙ ይጠብቃሉ፤ የተማረና ደግ ንጉሥ ከተገኘ ሁሉ የሚቃና አድርገው ያያሉ። የጃፓን ፈጣን ለውጥ በብዙ የዘመኑ ምሁራን ዘንድ እንደነበረው በእርሳቸውም ዘንድ ትልቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ባላገሩ ስለ ራሱ ጉዳይ የሚናገርበትን መድረክ ግን በስፋት አላሰቡለትም። ለእርሱ ተከራከሩለት እንጂ ከእርሱ ጋር አልመከሩም ቢባል ሐሰት አይኾንም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም ሰኔ ወር በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥራቸውን የጀመሩት በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ የስደቱና የሕመሙ ጊዜ ሲቀነስ በመንግሥት ሥራ ላይ የቆዩባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው።

ያሳሰቧቸው ነገሮች ዘግይተው መጡ። የመሬት ግብር በገንዘብ እንዲከፈል በአዋጅ የተደነገገው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። መሬት ለአራሹ የኾነው በ1967 ዓ.ም ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወሎን ረኃብ ዓለም አየው። ስለዚያ ረኃብ ያጠናው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ሰው የሞተው እህል በሀገር ስለ ጠፋ ብቻ ሳይኾን የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ነው። ከክፉ ቀን የተረፈው የማይ ምሻም ልጅ፣ ገበያ ሞልቶ ገበሬው ባዶውን የሚመለስበትን ምክንያት የመረመረው ከዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ ነበር።

ብራናው ግን ከሰውየው ጋር አልተቀበረም። ጳውሎስ መናመኖ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደርን ለኅትመት አበቁት፤ በ1916 ዓ.ምም በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ማተሚያ ቤት ታተመ። ለረጅም ጊዜ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት መጽሐፍ ኾኖ ቆየ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በተንክር ቦንገር ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ ወጣ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስም ሥራዎቻቸውን በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ አሳተመ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ተማሪ ከተቀበለ ወዲህ፣ የዚህ ደጋ ልጅ ያንን ጥራዝ ለማንበብ ዓባይን መሻገር ወይም ደሴ መውረድ የማያስፈልገው ጊዜ መጥቷል።