ትልቅ ቸርኬ ያምራል፤ ለኛ መንገድ ግን ይሆናል? ቮልስንና ፖርሼን የወለደው ሰው ታሪክ

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና፣ ከዚያም ወደ ዓለም ባንክና ቤተል የምትመላለሱ የኮልፌ ቀራኒዮ ቤተሰቦቻችን ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ዋናው አስፋልት ላይ ደህና የነበረው መንገድ ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ኮብልስቶን ይሆናል፤ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ደግሞ ጉድጓዱ ይቀጥላል። በዚሁ መንገድ ላይ የፋብሪካ ጎማዋን አውልቃ ትልልቅ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ያጠለቀች መኪና እየተንገጫገጨች ታልፋለች። ታምራለች፣ ውሸት የለውም። የሹፌሩ ወገብ ግን ሌላ ታሪክ ያወራል።

የቸርኬ ነገር በኮሜንት ሁሌ ስለሚያከራክር ዛሬ ጉዳዩን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል እናያለን። ሰውዬው ፈርዲናንድ ፖርሼ ይባላል። ዓለም ስሙን በስፖርት መኪና ያውቀዋል። እኛ ሀገር ግን ከስሙ ይልቅ ሥራውን ነው የምናውቀው፤ ቮልስ የሱ ልጅ ናትና። (ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቆርቆሮ ሠሪው ልጅ

ፈርዲናንድ የተወለደው በ1875 ማፈርስዶርፍ በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ያኔ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር፤ ልጁም ሙያውን እንዲወርስለት ይፈልግ ነበር። የልጁ ልብ ግን ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ገና በጉርምስናው የቤተሰቡን ቤት መብራት ዘረጋለት፤ ከዚያም ቪየና ሄዶ በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ተቀጠረ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተመረቀም። በኋላ የተጠራበት ዶክተርነት የክብር ነው።

በ1900 ፓሪስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ስሙ ወጣ። ሎነር ለተባለው የቪየና ሠረገላ ሠሪ ድርጅት የሠራት መኪና በባትሪ የምትሄድ ነበረች። ሞተሮቿም የተገጠሙት ጎማዎቹ ውስጥ ነው። አዎ፣ ዛሬ አዲስ አበባን እየሞላት ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ከ120 ዓመት በፊትም ነበረ።

ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ግን አንድ ችግር ነበረበት። ሞተሩ ጎማው ውስጥ ሲገባ ጎማው ከባድ ይሆናል። ከሞላው በላይ ያለውን ክብደት፣ ማለትም ቦዲውንና ተሳፋሪውን፣ ሞላው ይሸከመዋል። ጎማ፣ ቸርኬና ፍሬን ግን ከሞላው በታች ናቸው፤ መንገዱ የሚመታው በቀጥታ እነሱን ነው። ይህ የታችኛው ክብደት ሲበዛ ጎማው ጉድጓድ መትቶ ሲዘል ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ቶሎ መመለስ ያቅታቸዋል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም፣ ፍሬንም አይዝም። አሁን ከፋብሪካው የከበደ ትልቅ ቸርኬ የሚያስገጥም ሰውም የሚገባው እዚሁ ችግር ውስጥ ነው።

ከውድድር ሜዳ

በ1906 ኦስትሮ-ዳይምለር በዋና መሐንዲስነት ቀጠረው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ብቻ የሚያዝ ሰው አልነበረም፤ በ1910 የልዑል ሃይንሪሽ ውድድርን ራሱ በሠራት መኪና፣ ራሱ እየነዳ አሸነፈ። በ1923 ወደ ጀርመን ሽቱትጋርት ተሻግሮ ዳይምለር ገባ። እነ መርሴዲስ ኤስኤስኬን የመሳሰሉ ዝነኛ የስፖርት መኪናዎች ከዚያ ዘመን የተገኙ ናቸው።

በ1931 የራሱን ቢሮ ከፈተ። በዚያው ዓመት በሞላ ፋንታ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ የሚጠቀም የመኪና መሸከሚያ ፈለሰፈ። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ይመለሳል። ቦታ አይፈጅም፣ ቀላል ነው፣ ለመጥፎ መንገድም ይመቻል።

ለአውቶ ዩኒየን የሠራው የውድድር መኪና ደግሞ 16 ሲሊንደር ሞተሩን ከሹፌሩ ጀርባ የያዘ ነበር። ፈጣን ነው፤ ኩርባ ላይ ግን የኋላው እየወጣ ብዙ ሹፌር አስቸግሯል። በጊዜው የነበሩት ጎማዎችም ረጃጅምና ቀጫጭን ነበሩ፤ መሬቱን የሚይዙት በጠባቡ ነው።

ቮልስ

በ1934 የሂትለር መንግሥት የፈለገውን ሥራ ለመሥራት ተዋዋለ፤ ሥራው ተራ ሰው የሚገዛት ርካሽ መኪና መሥራት ነበር። የምትሄድበት መንገድ ሁሉ አስፋልት እንዳልሆነ ያውቃል። ስለዚህ ባለ 16 ኢንች ቸርኬ፣ ቀጭን ግን ረጅም ጎማ፣ ከሥሩ ደግሞ ያንን የሚጠመዘዝ ዘንግ ሰጣት።

ጎማው ለምን ረጅም ሆነ? መልሱን ባጃጅ ትነግራችኋለች። ባጃጅ ባለ 8 ኢንች ቸርኬ ናት፤ ትንሽ ጉድጓድ ሙሉ ለሙሉ ትውጣታለች። ብስክሌት ግን ያንኑ ጉድጓድ ከላይ ከላይ ታልፈዋለች። የጎማው ክብ ሲሰፋ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ጥቂት ነው፤ ሲወጣም አይመታም።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቮልስን ያመቻት ጠቅላላ የጎማው ቁመት እንጂ የቸርኬው ትልቅነት ብቻ አይደለም። ቸርኬዋን የከበበው ላስቲክ ወፍራም ነው፤ በአየር የተሞላው ላስቲክ ራሱ አንድ ተጨማሪ ሞላ ነው። ዛሬ ትልቅ ቸርኬ ስናስገጥም ግን ጠቅላላ ቁመቱ አይጨምርም፤ ቸርኬው በጨመረ ቁጥር የሚቀንሰው ላስቲኩ ነው።

በቁጥር እንየው። 185/65 ባለ 15 ኢንች ጎማ የላስቲኩ ጎን 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 205/45 ባለ 17 ብታስገጥሙ ጠቅላላ ቁመቱ ያው 62 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሆኖ ይቀራል፤ የላስቲኩ ጎን ግን ወደ 9 ሴንቲ ይወርዳል። በመካከሉ የጠፋችው 3 ሴንቲ የወገባችሁ ትራስ ነበረች።

ቮልስ ድክመትም ነበራት። የኋላ አክሰሏ አሠራር ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲገባ ጎማውን ከሥር ሊያጥፈው ይችላል፤ ያኔ መኪናዋ ከኋላ ትሸሻለች። ፋብሪካው በኋላ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ቀይሮታል። በኛ ታሪክ ቮልስ አሳዛኝ ቦታ አላት፤ ጀግናችን አበበ ቢቂላ በ1969 ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሸኖ አካባቢ የተገለበጠው ቮልስ ሲነዳ ነው። ከዚያ በኋላ በእግሩ አልሄደም። ጥፋቱን በመኪናዋ ላይ አንጭንም፤ ግን መኪና መንገድ የመያዟ ጉዳይ የውበት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

የማይታለፈው ጥቁር ገጽ

ስለዚህ ሰው ስንጽፍ ይህን መዝለል አንችልም። የናዚ ፓርቲ አባል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ለሂትለር ጦር ታንክ ነድፏል። ለሕዝብ ተብሎ የተሠራው የቮልስዋገን ፋብሪካ የጦር መኪና ማምረቻ ሆነ፤ በግዳጅ የተጋዙ ሰዎችና እስረኞች እዚያ ሠርተዋል። ያ ዘመን የሂትለር አጋር የሆነው ፋሺስት ጣሊያን የኛን ሀገር የወረረበት ዘመን እንደሆነም አንርሳ። ጦርነቱ ሲያልቅ ፈረንሳዮች ያዙት፤ 20 ወር ገደማ ታስሮ በ1947 ተለቀቀ።

ጎማው አነሰ፣ ሰፋ

እሱ እስር ቤት እያለ ልጁ ፌሪ ሥራውን ቀጠለ። በ1948 ኦስትሪያ ግሙንድ ውስጥ በቤተሰቡ ስም የመጀመሪያዋ መኪና፣ ፖርሼ 356፣ ተሠራች። ብዙ ዕቃዋ የቮልስ ነበር፤ ባለ 16 ኢንቹ ጎማ ጭምር። አዛውንቱ ፈርዲናንድ ይህችን አይቶ በጥር 1951 በ75 ዓመቱ አረፈ።

በ1955 የ356 አዲሷ ዓይነት ስትወጣ ኩባንያው በጎማው ላይ ምን አደረገ? ቸርኬውን አላሳደገውም፤ ከ16 ወደ 15 ኢንች አወረደው። ስፋቱን ግን ከ3.25 ወደ 4.5 ኢንች ከፍ አደረገው። ለፍጥነትና ለኩርባ የሚጠቅመው መሬቱን በሰፊው መያዝ ነበርና።

እና የዛሬዋ ፖርሼ 911 ካሬራ ኤስ ለምን ከፊት 20፣ ከኋላ 21 ኢንች ሆነች? አንደኛ፣ ትልቅ ቸርኬ ውስጥ ትልቅ ፍሬን ይገባል። ሁለተኛ፣ ቀጭን ላስቲክ ኩርባ ላይ አይተጣጠፍም፤ መሪውን ስታዞሩ መኪናዋ ወዲያው ትታዘዛለች። ይህ ለስላሳ አስፋልት ላይ እውነት ነው። ያው ኩባንያ በ2022 ለበረሃ የምትሆን 911 ዳካር ሲያወጣ ግን ቸርኬውን ወደ 19 እና 20 ቀንሶ ላስቲኩን አወፈረው። መንገዱ ሲለወጥ ጎማውም ተለወጠ ማለት ነው።

እንግዲህ ለኛ ምን ይበጀናል?

የቤታችሁ መግቢያ ኮብልስቶን ከሆነ የፋብሪካውን መጠን አትልቀቁ። ካልሆነላችሁ ከአንድ ኢንች በላይ አትጨምሩ። ጠቅላላ የጎማውን ቁመት ጠብቁ፤ ከጨመረ የፍጥነት መለኪያችሁ ከትክክለኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያችኋል። ቸርኬውን ከመግዛታችሁ በፊት ክብደቱን ጠይቁ፤ ያማረ ሁሉ ቀላል አይደለም። ቀጭን ላስቲክ ጉድጓድ ሲመታ ብረቱ በቀጥታ ስለሚመታ ቸርኬው ይጣመማል፣ ጎማውም ከጎኑ ይቀደዳል። ያኔ ወጪው ከጎሚስታ አልፎ ጋራዥ ይደርሳል።

ስሙ በስፖርት መኪና ላይ የተጻፈው ሰው ለመጥፎ መንገድ የመረጠው ረጅም ጎማና ወፍራም ላስቲክ ነው። እናንተስ ስንት ኢንች ነው የምትነዱት? ቸርኬ ቀይራችሁ የተጸጸታችሁም፣ የወደዳችሁትም በኮሜንት ንገሩን። ነገ ቸርኬ ሊገዛ ለተነሳ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።