መንገድ ሠሪው ንጉሥ፦ ዐፄ ቴዎድሮስና ከደብረ ታቦር መቅደላ የተጠረገው ጎዳና

የዐፄ ቴዎድሮስ ስም ሲነሣ አብዛኛው ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የሴባስቶፖል መድፍና የመቅደላ ፍጻሜያቸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ያቀኑ መሪ እንደነበሩ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ምርቱን ገበያ ለማድረስ ዐይኑን መንገድ ላይ ጥሎ ለሚኖር ገበሬ ግን ከታሪካቸው ሁሉ የሚቀርበው ይህኛው ክፍል ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው የልጅነት ዘመናቸው በችግር አለፈ። ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ካደጉ በኋላ ወደ ቋራ ቆላ ወርደው ሸፈቱ። በሽፍትነታቸው ወራት ከዘረፉት ገንዘብ ላይ ለገበሬዎች አካፍለው ማረሻ እንዲገዙበት እንዳደረጉ ይነገራል። የገበሬውን ልብ ያገኙትም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። እያንዳንዱ መስፍን የራሱን አገር በራሱ ጦር ይገዛ ነበር። ነጋዴው ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል። ወታደሩም በገበሬው ቤት እያደረ፣ የገበሬውን እህል እየበላ ይኖራል። ካሣ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ድል ነሥተው በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በ1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸነፉ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭነው ቴዎድሮስ ተባሉ።

ከነገሡ በኋላ ያሰቡት ብዙ ነበር። ወታደሩ ገበሬውን ከመዝረፍ ይልቅ ደመወዝ ተቆርጦለት እንዲኖር፣ ሽፍታና ወንበዴ ወደ እርሻው እንዲመለስ፣ አገሪቱ በአንድ ሕግ እንድትገዛ ፈለጉ። ለዚህ ሁሉ ግን መንገድ ያስፈልግ ነበር። ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኝ ጎዳና ለማውጣት ያቀዱትም ለዚህ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው መንገድ የሰው፣ የበቅሎና የአህያ ዱካ ብቻ ነበር። ጎማ ያለው ጋሪ የሚያልፍበት ጎዳና የለም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሥራውን ለሹማምንት ትተው በድንኳን የሚቀመጡ አልነበሩም። በቅርብ ያዩዋቸው የውጭ አገር ሰዎች እንደመሰከሩት፣ ከንጋት እስከ ምሽት ከሠራተኛው ጋር ይውላሉ፤ ድንጋይ ያነሣሉ፣ አፈር ይደለድላሉ፣ ገደል ይሞላሉ። እርሳቸው ቆመው እየሠሩ ከመኳንንቱ ሊቀመጥ የሚደፍር፣ ከወታደሩም ምግብ የሚያስብ አልነበረም። በጉልበት መሥራት ለመኳንንት ውርደት ተደርጎ በሚቆጠርበት አገር ዘውድ የጫነ ሰው አፈር ሲዝቅ መታየቱ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነበር።

የእጅ ሙያ የሚያውቁ ሰዎችንም አጥብቀው ይሹ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የሰፈሩት አውሮፓውያን ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎች ስለነበሩ መድፍ እንዲያቀልጡና ሠረገላ እንዲሠሩ አዘዟቸው። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ግን አልመጣላቸውም። በዚህ ተቆጥተው ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ጠቡ እየከረረ ሄዶ የእንግሊዝን ጦር እስከ መቅደላ የጠራው ይህ ነው።

በአገር ውስጥም ነገሩ ተበላሽቶ ነበር። የቤተ ክህነትን መሬት መንካታቸው ካህናቱን አስቆጣ። በየአውራጃው አመፅ ተነሣ። ግብር የሚገብረው አገር እየጠበበ ሲሄድ ለወታደሩ የሚከፈል ደመወዝ ጠፋ፤ ጦሩም ወደ ቀድሞው ልማዱ ተመልሶ ገበሬውን መዝረፍ ጀመረ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም። ለማረሻ መግዣ ገንዘብ ያደለው ሰው ጦር በደረሰበት ጎተራው ባዶ ቀረ፤ በሬውም ተነዳ። ገበሬው ንጉሡ በሚመጡበት አቅጣጫ ቤቱን ጥሎ ይሸሽ ጀመር።

ታላቁ የመንገድ ሥራ የተጀመረው በዚህ ክፉ ጊዜ ነው። በመስከረም 1860 ዓ.ም. ማብቂያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው፣ የቀረ ሠራዊታቸውንና የጋፋት መድፎችን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከመድፎቹ ትልቁ ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። ይህ ዛሬ ከጫኖ ሙዝ ጭኖ የሚወጣ አንድ አይሱዙ የሚሸከመውን ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ክብደት ነው። ሞተር በሌለበት ዘመን ያን ሁሉ ክብደት በገመድ የሳበው የሰው ክንድ ነበር። ለመጎተት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር።

ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መድፉ የሚያልፈው አስቀድሞ መንገድ ሲጠረግለት ብቻ ስለሆነ፣ ሠራዊቱ ጥቂት ጠርጎ ጥቂት ይጓዛል፣ ደግሞ ያርፋል። ከሁሉ የከበደው የዋድላን ደጋ አልፎ ወደ ዥጣ ወንዝ ሸለቆ መውረድና ከዚያ ወደ ደላንታ ደጋ መውጣት ነበር። ከደላንታ በኋላም የበሸሎ ሸለቆ ይጠብቃል። ከጨንቻ ተራራ ወደ ጫኖ ሜዳ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ላይ ማሽንም ሆነ ሲሚንቶ ሳይኖር የ70 ኩንታል ብረት እንዲያልፍ ጎዳና መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አይቸገርም። በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ።

በዚያው ጊዜ በቀይ ባሕር ዳርቻ ሌላ የመንገድ ሥራ ይካሄድ ነበር። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከምፅዋ በስተደቡብ በዙላ አርፎ ባዶውን ዳርቻ በጥቂት ወራት ወደብ አደረገው። የመርከብ ማራገፊያ ድልድይ ሠራ፤ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ወደ ሰንዓፌ የሚያወጣውን ገደላም መተላለፊያም ጠረገ። 13,000 ያህል ወታደሮችና መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ነበሩት። ከዙላ እስከ መቅደላ ያለው ርቀት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይሁንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ መንገዱን ስላልከለከሉና ጦሩ ለእህሉም ለጭነት ከብቱም ገንዘብ ስለከፈለ፣ ሳይዋጋ እስከ መሐል አገር ዘለቀ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሆነው ነው። የናፒየር ጦር ዥጣ ሸለቆ ሲደርስ፣ ቴዎድሮስ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ያስጠረጉትን ጎዳና ተዘጋጅቶ አገኘው። ንጉሡ በእጃቸው ድንጋይ ያነሡለት መንገድ ጠላታቸውን ወደ መቅደላ አደረሰ። መንገዱን ያዩ የእንግሊዝ ሰዎችም ሥራውን አደነቁ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ። ያን ሁሉ ድካም የጠየቀው ሴባስቶፖልም የታሰበውን ያህል አላገለገለም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። እንግሊዞቹም ምሽጉን አቃጥለው፣ ብርቅዬ መጻሕፍትና ቅርሶች ዘርፈው በመጡበት ተመለሱ። በዙላ የዘረጉትንም ሐዲድ ነቅለው ወሰዱ።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባው መንገድም ንጉሡ በተጓዙበት የደጋ አገር የተወሰነውን ክፍል ያቋርጣል። በዚያ ላይ የሚመላለሰው የገበሬው እህልና የመንገደኛው አውቶቡስ ነው።

ቴዎድሮስ አገር በመንገድ እንደሚያያዝ ከዘመናቸው ሰዎች ቀድመው ተረድተዋል፤ ጉልበታቸውንም ሳይሰስቱ ሰጥተውታል። የጎደላቸው መንገዱ የሚያልፍበት ገበሬ ነበር። በሬው የተነዳበትና ጎተራው የተራቆተበት ሰው ያን ጎዳና እንደ ራሱ ሀብት ሊያየው፣ ሊጠብቀውም አልቻለም። መንገድ ዕድሜ የሚኖረው በዳርና ዳሩ ያለው ገበሬ ማሳውን አርሶ ምርቱን ሲያወጣበት ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የተጠረገው ጎዳና ለባለቤቱ ያገለገለው አንድ ጉዞ ብቻ ነበር።