ማሎሪና ከኋላው የነበሩት ሰባት ሰዎች

በረዶ የማውቀው ቆርቆሮ ላይ ሲንኳኳ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ያውቃል? ራስ ዳሽን ላይ አመዳይ ይወርዳል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ሄጄ ግን አላየሁም። ስለዚህ ዛሬ ስለ በረዶ ናዳ ልጽፍ መነሳቴ አንዳንዶቻችሁን ሊያስቃችሁ ይችላል።

ነገሩ የጀመረው በትምህርቴ በኩል ነው። ኢኮኖሚክስ ስማር ሰዎች አደጋን እንዴት እንደሚመዝኑ የሚያጠናው ክፍል ይስበኝ ነበር። በዚህ ጉዳይ ሳነብ ኢያን ማካሞን የተባለ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2003 የደረሱ 715 የበረዶ ናዳ አደጋዎችን እንደመረመረ አገኘሁ። ከተጠረገው መንገድ ወጥተው ዱር ተራራ ላይ ስኪ የሚንሸራተቱ ሰዎች ለምንድን ነው ምልክቱን እያዩ የሚገቡበት? በጣም የገረመኝ አንድ ውጤት አለ። ስለ ናዳ በደንብ የተማሩት ሰዎች፣ በሚያውቁት ዳገት ላይ ሲሆኑ፣ ካልተማሩት ባልተናነሰ ራሳቸውን ለአደጋ ያጋልጣሉ። ቦታውን መልመዳቸው ትምህርታቸውን በላባቸው ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ግን የስኪ ተጫዋች ሳይሆን የኤቨረስቱ ጆርጅ ማሎሪ ነው።

ማሎሪ እ.ኤ.አ. በ1886 እንግሊዝ አገር፣ ቼሻየር ውስጥ፣ ሞበርሊ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበሩ። ልጁ በሰባት ዓመቱ የአባቱ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተገኘ (እኛ ሰፈር ቢሆን አርጩሜ ይጠብቀው ነበር)። ትምህርት ቤት ሳለ አንድ መምህሩ አልፕስ ተራሮች ላይ ወስዶ መውጣት አስተማረው። ካምብሪጅ ታሪክ ተማረ፣ ከዚያ ቻርተርሃውስ በሚባል ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። በኋላ ታዋቂ ገጣሚ የሆነው ሮበርት ግሬቭስ ተማሪው ነበር። በ1914 ሩት ተርነርን አገባ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ መድፈኛ ሆኖ ተዋጋ፣ የሦስት ልጆች አባት ሆነ።

በ1921 የመጀመሪያው የኤቨረስት ቅኝት ቡድን ሲቋቋም ተመረጠ። ኔፓል ለውጭ ሰው ዝግ ስለነበረች በቲቤት ዞረው ሄዱ። ወደ ጫፍ የሚያደርሰው በር ኖርዝ ኮል የሚባለው፣ 7,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ኮርቻ መሬት መሆኑን ካረጋገጡት አንዱ ማሎሪ ነበር። ወደ ኮርቻው ለመድረስ ግን አንድ ቀጥ ያለ የበረዶ ዳገት መውጣት ግድ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ዳገት ነው ብል ይቀላል።

በ1922 ተመለሱ። በግንቦት ማሎሪና ጓደኞቹ ያለ ኦክስጅን ከ8,200 ሜትር በላይ ደረሱ፤ ከዚያ በፊት ማንም ሰው እዚያ ከፍታ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሲወርዱ አንዱ ተንሸራቶ ሌሎቹን ይዞ ሲሄድ፣ ገመዱን በበረዶ መጥረቢያው ላይ ጠምጥሞ ያዳናቸው ማሎሪ ነው። ይህን የማነሳው ሰውየው ግዴለሽ እንዳልነበር እንድታውቁልኝ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፊንች የተባለው የቡድኑ አባል ከአንድ ጓደኛው ጋር በኦክስጅን እየታገዘ ከነማሎሪ ከፍ ብሎ ወጣ። ጫፉን ግን ማንም አልነካም።

አሁን ሂሳቡን እንየው። ወራት የፈጀ ጉዞ ተደርጓል፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቷል፣ ለንደን ያለው ኮሚቴና ጋዜጦቹ ወሬ ይጠብቃሉ። የሞንሱን ዝናብ ደርሷል፣ ከገባ መውጣት አይቻልም። እኛ ትምህርት ቤት የማይመለስ ወጪ የምንለው ነገር ይኸው ነው፤ ያለፈው ወጪ ቀጣዩን ውሳኔ መንካት የለበትም ይላል መጽሐፉ። ምን ዋጋ አለው! እኔ ራሴ መገናኛ አርባ ደቂቃ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከቆምኩ በኋላ፣ ታክሲው እንደማይመጣ እያወቅሁ፣ ይሄን ሁሉ ቆሜማ አልሄድም ብዬ ሌላ አርባ ደቂቃ ጨምሬያለሁ።

ለሦስተኛው ሙከራ ሲዘጋጁ ብዙ በረዶ ወረደ። አንድ ቀን ፀሐይ ወጣ፤ በረዶው እስኪረጋ ጠበቁ። ሰኔ 7 ቀን 1922 (በፈረንጆቹ) ማሎሪ፣ ሶመርቬልና ክሮፎርድ ከ14 ተሸካሚዎች ጋር በአራት ገመድ ታስረው ዳገቱን ጀመሩ። በረዶውን ከታች ፈትነውታል፣ የሚንሸራተት አልመሰላቸውም። ከዚያ በፊት ደግሞ ይህንኑ ዳገት በሰላም ወጥተውታል፣ ወርደውታልም።

እኔ ስህተቱ እዚህ ጋ ይመስለኛል። በሰላም ማለፍ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ዳገቱ ደህና ስለሆነ፣ ወይም በዕለቱ ዕድል ስለቀናህ። ለተራማጁ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ነው የሚታዩት። ወጥ ሠሪ ጨው ካበዛች ማታውኑ ታውቃለች፤ ዳገት ግን ስህተትህን አሥር ጊዜ በዝምታ ያልፈዋል። አንተ ደግሞ ዝምታውን እንደ ማረጋገጫ ትቆጥረዋለህ።

ከሰዓት በኋላ በረዶው ተሰነጠቀ። ማሎሪ ያለበት የፊተኛው ገመድ ተጎትቶ ተቀበረ፣ ግን ታግለው ወጡ። ከኋላ የነበሩትን ዘጠኝ ተሸካሚዎች ናዳው በበረዶ ገደል ላይ አሻግሮ ስንጥቅ ውስጥ ከተታቸው። ሁለቱ ተቆፍረው በሕይወት ወጡ። ሰባቱ ሞቱ፦ ላክፓ፣ ኖርቡ፣ ፓሳንግ፣ ፔማ፣ ሳንጌ፣ ዶርጄ፣ ቴምባ። ከእንግሊዞቹ አንድም አልሞተም።

አደጋውን ማሎሪም ቀምሷል፣ ስለዚህ ሰው አስገድሎ ራሱን አሸሸ ማለት አይቻልም። ግን ትርፉን አስቡት። ጫፉ ቢነካ ስሙ ለዘለዓለም የሚጻፈው የማሎሪ ነው፤ ለተሸካሚዎቹ ቢነካም ባይነካም ያው የቀን ደመወዛቸው ነው። እንሂድ ወይስ እንቅር የሚለው ምክርም የእንግሊዞቹ ነበር። ማሎሪ ይህን ያውቅ ነበር፤ ለሚስቱ ሲጽፍ ጥፋቱን ራሱ ላይ አድርጓል። ሶመርቬልም ከእኛ አንዱ እንኳ አብሯቸው ባለመሞቱ አዝኗል።

ከዚያ ቤቱ ቁጭ አለ? አላለም። በ1923 አሜሪካ ዞሮ ንግግር አደረገ። ኤቨረስትን ለምን መውጣት እንደሚፈልግ ሲጠየቅ፣ ተራራው መኖሩ ብቻ በቂ ምክንያት እንደሆነ መለሰ ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገርለታል። እኔ ይሄን መልስ ወድጄው አላውቅም። ከአንድ ዓመት በፊት ሰባት ሰው የቀበረ ሰው ሲመልሰው ደግሞ በጣም ይቀለኛል። በ1924 መጀመሪያ ሻሞኒ ላይ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የ1922ቱ ቡድን ተሸለመ፤ ለሰባቱ ሟቾችም ሜዳሊያ ተሰጠ።

ማሎሪ ካምብሪጅ አዲስ ሥራ ይዞ ነበር፣ ልጆቹም ትንንሽ ነበሩ። ልሂድ ልቅር ብሎ አመነታ። ሄደ። በሰኔ 8 ቀን 1924 እሱና የ22 ዓመቱ አንድሩ ኧርቪን ወደ ጫፉ ሲያመሩ ለመጨረሻ ጊዜ በሩቅ ታዩ። የማሎሪ አስከሬን የተገኘው ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ1999 ነው፤ እግሩ ተሰብሮ፣ ገመዱ ወገቡ ላይ እንደታሰረ። በ2024 ደግሞ የኧርቪን ስም የተሰፋበት ካልሲ ከነእግሩና ከነጫማው በረዶው ውስጥ ተገኘ።

ጫፉን ነክተው ይሆን የሚለው ክርክር አላለቀም፣ ይዘውት የነበረው ካሜራም እስከ ዛሬ ይፈለጋል። ለሰባቱ ጓደኞቻቸው ከዳገቱ በታች፣ ሦስተኛው ካምፕ አጠገብ ድንጋይ ከምረውላቸው ነበር። በ1924 ማሎሪ ወደ ላይ ሲወጣ በዚያው ካምፕ ነው ያለፈው።