አለቃ ገብረ ሐና፦ ከቀልዳቸው በስተጀርባ

የአለቃ ገብረ ሐና ስም ሲነሣ ሁላችንም አስቀድመን ፈገግ እንላለን። ይሁን እንጂ አለቃ ቀልደኛ ብቻ አልነበሩም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ ሊቅም ነበሩ።

የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዓመት በፎገራ ነው። ተምረው በጎንደር በአታ አስተማሪ ሆኑ። ባለ አህያ መንገደኛ ሲያገኙ በብዙ ቁጥር ሰላምታ ሰጥተው አህያይቱንም ይጨምሯት እንደነበር ይተረካል። ሰውዬው እንደ አክብሮት ቈጥሮት ካለፈ በኋላ ነገሩ ይገባዋል። እንዲህ ያለው ቀልድ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን (1847–1860 ዓ.ም.) ንጉሡን አስቀይመው ከጎንደር እንደ ራቁ ይነገራል።

በስደታቸው ምን አደረጉ? እንደሚተረከው፣ በጣና ሐይቅ ወዳለችው ሬማ ደሴት ገብተው እንደ ገና ተማሪ ሆኑ። ስመ ጥር መምህር ሳሉ ከሌላ መምህር እግር ሥር ተቀመጡ። የሐይቁን ማዕበልና የደንገሉን ውዝዋዜ እያዩም፣ መቋሚያ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወዛወዝ አዲስ አቋቋም አወጡ።

የጎንደር ሊቃውንት ግን ያልተለመደ ነው ብለው አልተቀበሉትም። አለቃ በዚህ ተቀይመው አገልግሎታቸውን አልተዉም፤ ሥራቸውንም አልጣሉም። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም በደብረ ታቦር አስተማረውና የተክሌ አቋቋም ተባለ። ዛሬ ደብረ ታቦር ኢየሱስ የዚህ አቋቋም ምስክር ቤት ነው፤ ደቀ መዛሙርትም ከየሀገሩ ይመጡበታል። ትናንት የተነቀፈው ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ጌጥ ሆኗል።

ወጣቶች ሆይ! ከበሮ አመታታችን ወይም ዜማችን ሲታረም ምን እናደርጋለን? አንዳንዶቻችን አኩርፈን በሚቀጥለው እሑድ እንቀራለን። ሌሎቻችን ደግሞ በቀልድ አራሚያችንን እናሳፍራለን። ሁለቱም ትምህርቱን ያሳጡናል። ቀልድ መልካም የሚሆነው በራሳችን ላይ ስንስቅበትና የነገርን ምሬት ሲያበርድልን ነው፤ ወንድምን ሲያቆስል ግን በደል ነው። የአለቃ ምላስ ከንጉሥ አጣላቻቸው፤ ተማሪነታቸው ግን ለትውልድ የሚተርፍ ሥራ ሰጠን።

እንግዲህ ነቀፌታ ሲደርስብን አስቀድመን እንስማ። እውነት ካለበት እንማርበት። እውነት ከሌለበትም ሳንቀየም ሥራችንን እንቀጥል፤ ፍሬው ምናልባት በልጆቻችን ዘመን ይታያል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።