ጥይቱ ቦብ ሄይስ፤ ከሰባተኛ ዙር የተገኘው ኮከብ

እ.ኤ.አ በ1964 አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ የ100 ሜትር ወርቁን የወሰደው አሜሪካዊው ቦብ ሄይስ ነበር። የዓለም ሪከርዱን በ10.0 ሰከንድ ተጋራ። በ4 በ100 ዱላ ቅብብል ደግሞ ዱላውን ከኋላ ሆኖ ተቀብሎ ሁሉንም አልፎ ገባ። «ጥይቱ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለትም በፍጥነቱ ነው።

ሄይስ ግን ኳስ የሚወድ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ በ1942 በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ተወለደ። ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የገባውም በአሜሪካን ፉትቦል ነው። ዳላስ ካውቦይስ የመረጠው ገና ኮሌጅ ሳይጨርስ፣ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1963 በተካሄደው ምርጫ፣ በሰባተኛ ዙር 88ኛ ሆኖ ነው። ከእሱ በፊት 87 ተጫዋቾች ተጠርተዋል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ በ1965 ረጅም ኳስ እየሮጠ የሚቀበል ዋይድ ሪሲቨር ሆኖ ሜዳ ገባ። ገና በመጀመሪያው ዓመት 46 ኳስ ተቀብሎ 1,003 ያርድ ሄደ፤ 12 ተችዳውንም አስቆጠረ። በቀጣዩ ዓመት 1,232 ያርድና 13 ተችዳውን ደረሰ። አንድ ለአንድ የሚይዘው ተከላካይ ጠፋ። ተጋጣሚዎችም ሜዳውን ተከፋፍለው መጠበቅን ተያያዙት።

ዛሬ ፋንታሲ ፉትቦል የሚጫወቱ ሰዎች በየዓመቱ የሚያድኑት እንዲህ ያለውን ነው፤ በርካሽ ተገኝቶ በድንገት የሚፈነዳውን። ነገር ግን ሰዓት ብቻ አይቶ መምረጥ ያከስራል። እ.ኤ.አ በ1968 የ100 ሜትር ኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነው ጂም ሃይንስም ማያሚ ዶልፊንስ ገብቶ ነበር፤ የተቀበለው ግን ሁለት ኳስ ብቻ ነው። ሄይስ ፍጥነት የጨመረ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ኳስ የሚወረውርለት ዶን ሜሬዲዝም አጠገቡ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ በጥር 1972 ካውቦይስ ማያሚን 24 ለ 3 ሲያሸንፍ ሄይስ የሱፐር ቦውል ቀለበት አጠለቀ። የኦሊምፒክ ወርቅንና ይህን ቀለበት አንድ ላይ የያዘ እስካሁን እሱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ በ1975 በሳን ፍራንሲስኮ ሲያቆም በ371 ኳስ 7,414 ያርድ ነበረው፤ በአማካይ በአንድ ኳስ 20 ያርድ መሆኑ ነው።

ከሜዳ ውጪ ያለው ሕይወት ግን ከበደው። እ.ኤ.አ በ1979 በዕፅ ሽያጭ ጥፋተኛነቱን አምኖ አሥር ወር ታሰረ። መጠጥም ጎዳው። የዝነኞች አዳራሽ በር እየተዘጋበት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በመስከረም 2002 በ59 ዓመቱ በትውልድ ከተማው አረፈ። ከሞተ በኋላ እንኳ እ.ኤ.አ በ2004 ድምፅ አጥቶ ቀርቷል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ በ2009 ገባ። ካውቦይስ ገና ተማሪ ሳለ ያየውን፣ መራጮቹ ለማየት ሞቱን ጠበቁ።