ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የእባጭ ነገር

በአገራችን እባጭ ወጥቶበት የማያውቅ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። መድኃኒቱንም ሁሉም ያውቃል። አንዱ ተልባ ወቅጦ በሙቁ ይለጥፍበታል፤ ሌላው ቅቤ ይቀባዋል፤ ሦስተኛው በጋለ ብረት ይተኩሰዋል። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ለማስመስከር ከየአገሩ የሚሰበሰበው ተማሪም ከእናት ከአባቱ ርቆ ሳለ ያለው ዘዴ ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ እባጩ ፈንድቶ ይድናል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሰውን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሐኪም ትምህርት ነው። ይህን ትምህርት በዘመናዊው መንገድ ከተማሩት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ተነሡ። የጋይንትን አገር አቋርጠው፣ ጨጨሆን ወጥተው፣ መንገድ እያስደለደሉ ከብዙ ወራት በኋላ መቅደላ ደረሱ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ። በዚያ ትርምስ መካከል ጎንደር የተወለደ፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። ቻምበርሌን የተባለው የእንግሊዝ መኰንን ሕፃኑን ወደ ህንድ ወሰደው። እርሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ፤ ቋንቋውንም ረሳ።

ወጣቱ ላሆር ከተማ ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ቆይተውም ስኮትላንድ ውስጥ በኤደንብራ ከተማ ትምህርታቸውን አሳደጉ። ኤደንብራ ጆሴፍ ሊስተር ያስተማረበት ከተማ ነው። ሊስተር ቁስልን የሚያመረቅዘው በዓይን የማይታይ ተውሳክ መሆኑን ተረድቶ፣ ቁስሉንና መሣሪያውን ካርቦሊክ አሲድ በተባለ መድኃኒት ማንጻት እንደሚገባ በ1859 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀ ሐኪም ነበር። ሕፃኑ ከመቅደላ በተወሰደ በሦስተኛው ዓመት የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በብብታቸው ሥር ትልቅ እባጭ ወጣባቸው። ሊስተር ተጠርቶ መጣ፤ በነጻ ቢላዋ ሰንጥቆ መግሉን አፈሰሰ፤ የቀረውም እንዲወርድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አስገባበት። ንግሥቲቱም ዳኑ። እንግዲህ የንግሥትም ሆነ የድኻ እባጭ ጠባዩ አንድ ነው፤ መግል ከቋጠረ መውጫ ይፈልጋል።

በዚያው ዘመን በአውሮፓም በህንድም ሆሚዮፓቲ የተባለው የሕክምና ዘዴ ብዙ ወዳጅ ነበረው፤ ዛሬም አለው። ሳሙኤል ሀነማን የተባለው ጀርመናዊ በ1788 ዓ.ም. ያወጣው ሲሆን፣ በጤነኛ ሰው ላይ የበሽታ ምልክት የሚያመጣ ነገር እጅግ ቀጥኖ ሲሰጥ ያንኑ ምልክት ያለበትን በሽተኛ ያድናል የሚል ነው። ለእባጭ የሚሰጡት ከኦይስተር ቅርፊትና ከድኝ የሚሠራው ሄፓር ሰልፈር፣ እንዲሁም ከባልጩት ዘር የሚወጣው ሲሊካ ናቸው። አንዱ እጅ በመቶ እጅ እየቀጠነ ይህም ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም፣ በመጨረሻው ጠብታ ከመጀመሪያው ነገር ቅንጣት እንኳ አይገኝም። መግልን ስለ ማድረቁም የታመነ ማስረጃ አልተገኘም። ትንሽ እባጭ ከዚህ በኋላ ቢድን ያለዚያም ይድን ነበርና፣ ምስጋናው ለሰውነታችን የተፈጥሮ መከላከያ ነው።

ሐኪሙ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ ሲሠሩ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ወሬ ደረሳቸው። ልባቸው ወደ አገራቸው ተመለሰ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ገብተው ድንኳን ተከሉና ሕዝቡን ያለ ዋጋ ያክሙ ጀመር። ከሕሙማኑ ጋር የሚነጋገሩት ግን በአስተርጓሚ ነበር። ወሬው ከቤተ መንግሥት ደረሰ፤ አያታቸውም መጥተው በሰውነታቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ለዩዋቸው። የሌላውን ቁስል ሊያድን የመጣው ሰው በገዛ ጠባሳው ከዘመዶቹ ተገናኘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው የአገር አገልግሎት ነው። ዐፄ ምኒልክን አክመዋል። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መርተዋል፤ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጽፈዋል፤ ጨርጨርን አስተዳድረዋል። ፋሺስት ኢጣልያ በወረረን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ስለ አገራቸው ተሟግተዋል። ዋጋውም ከባድ ሆነባቸው፤ ሁለት ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። እርሳቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

አንባቢ ሆይ፣ ከእኚህ ሰው ታሪክ የምንወስደው የቤት መድኃኒትን መናቅ አይደለም፤ ወሰኑን ማወቅ ነው። ትንሽ ብጉንጅ ሲወጣ እጅን ታጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ነክሮ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ያህል መያዝ ይጠቅማል። መጭመቅና በመርፌ መውጋት ግን ተውሳኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በፈነዳ ቁስል ላይ እበት ወይም ዐፈር ማድረግ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍን መጥራት ነው።

እባጩ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ካልቀነሰ ወይም እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ቅላቱ ከተሠራጨ ወይም ቀይ መስመር ከዘረጋ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ነው። በፊት፣ በአከርካሪ፣ በመቀመጫ አካባቢ ወይም በምታጠባ እናት ጡት ላይ የወጣም እንዲሁ ነው። ሕፃን፣ ሽማግሌ ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ መጠበቅ አያስፈልግም። ጥርስ ሥር ተነሥቶ መዋጥ ወይም መተንፈስ የሚከለክል እብጠት ግን በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። ሐኪሙ አደንዝዞ ሰንጥቆ ያፈስሰዋል፤ ካስፈለገም ተውሳኩን የሚገድል መድኃኒት ይሰጣል። መድኃኒቱ ብቻውን የተጠራቀመውን መግል አያወጣምና ቢላዋውን መፍራት አይገባም።

በየወረዳው የምትሾም ወጣት ሆይ፣ አንድ ቀን ደጃፍህ ላይ ክንዱ ያበጠ ተማሪ ወይም ጡቷ የመገለባት እናት ትቆም ይሆናል። ሐኪም ወርቅነህ ከበርማ አዲስ አበባ ድረስ የመጡት ለእንዲህ ያለው ሰው ነበር። አንተ የምትሸኘው እስከ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ብቻ ነውና ነገ ይሻለዋል ብለህ አትመልሰው።